የመኪናው ድርሻ

በዛሬው የኑሮና ቤተሰብ ዓምዳችን የምንነጋገረው ከአጋሮ አካባቢ አንዲት እህት በላኩልን ደብዳቤ ላይ ነው። ደብዳቤው አጭር ቢሆንም በቡና አገር ያለ ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀውን ጭንቀት የያዘ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ባለቤቴ የዘንድሮውን የቡና ገንዘብና ከዕቁብ የደረሰንን አንድ ላይ አድርጎ አሮጌ ሚኒባስ ሊገዛ ነው። ቀብድ ለመክፈል አሥር ቀን ቀርቶታል። በጅማና በአጋሮ መካከል ቢሠራ ቤታችን ይለወጣል ይላል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። የልጃችንም የኮሌጅ ክፍያ ከዚሁ ገንዘብ ነው የሚወጣው። ልከልክለው ወይስ ልደግፈው?»

እህቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። መልሱን ግን «ግዙ» ወይም «አትግዙ» ብዬ በአንድ ቃል ልጨርሰው አልችልም። በመጀመሪያ እኔን የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

በ1999 ዓ.ም. ከወንድሜ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ ባለ 3ኤል ሞተር ቶዮታ ሃይስ ገዛን። የነበረንን በሙሉ ለመግዣው ስላዋልነው ለጥገና የሚሆን አንድም ሳንቲም አልተረፈንም። መካኒኩ «ራዲያተሩ ይጠረግ፣ ቴርሞስታቱም ይመለስ» ብሎን ነበር። እኛ ግን «ትንሽ ሠርቶ ራሱን ይጠግን» አልን። በሦስተኛው ወር ከአዲስ አበባ ሰው ጭነን ስንመለስ የጊቤን ድልድይ አልፈን አቀበቱን እንደ ጀመርን የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ወጣ። ሾፌሩ ቆሞ ማብረድ ሲገባው «ጫፍ ላይ እንደርሳለን» ብሎ ቀጠለ፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ጫፍ ላይ ግን አልደረስንም። ቴስታታው ተሰነጠቀ። ሕፃን የታቀፉ እናት ሳይቀሩ ተሳፋሪዎቻችን እስኪመሽ ድረስ መንገድ ዳር ተቀመጡ። የተቀበልነውን ሒሳብ መለስን፤ ሞተሩን ለማሠራት ደግሞ ተበደርን። ጥፋቱ የመኪናው አልነበረም፣ የእኛ እንጂ። መኪናው ድርሻውን ጠየቀ፤ እኛ ግን ድርሻውን በልተንበት ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ከዕለት ገቢው ላይ የሚካፈል አንድ ተጨማሪ የቤተሰብ አባል እንደመጣበት ይወቅ። ይህ የቤተሰብ አባል ድርሻውን በየቀኑ ካልተሰጠው አንድ ቀን የሁሉንም ድርሻ ጠቅልሎ ይወስዳል።

ዛሬ ነገሩ ለምን ከበደ?

ቶዮታ ሃይስ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በእኛ አገር ሕዝቡ «ዶልፊን»፣ «አባዱላ»፣ «ሃይሩፍ» እያለ በየስሙ የሚጠራው ሁሉ የዚያው ቤተሰብ ነው። መለዋወጫው እንደ ልብ ስለሚገኝና ብዙ መካኒኮች ስለሚያውቁት ተወዳጅ መሆኑ አያስገርምም።

ይሁን እንጂ ባለፉት ዓመታት ዋጋውን የሚያንሩ ነገሮች ተደራርበዋል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ኩሽኔታም ሆነ ጎማ በዶላር የሚገዛ በመሆኑ ጫናው ወዲያው ጋራዥ ደረሰ። ስለዚህ አሮጌው መኪና ከበፊቱ ይልቅ ተፈላጊ ሆነ፤ ለመግዛትም ለመጠገንም ግን ውድ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ አንባቢያን፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሻጭ ወዳጅ ያልሆነ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ለእርሱ የምትከፍሉት ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የሚያድናችሁ ግን ብዙ ነው። ከእርሱ ጋር ሆናችሁ የሚከተሉትን ተመልከቱ።

መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሡት። የሃይስ ሞተር ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ ወንበሩን አንሥታችሁ በእጃችሁ ዳሱት። ቀድሞ ሞቆ ከጠበቃችሁ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተነሣ በኋላ ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል ያሳያል። ጥቁር ጭስ ብዙውን ጊዜ የአየር ፊልትሮ መዘጋትን ወይም የኢንጀክተር ችግርን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ካለ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስባችሁ ዘይቱን ተመልከቱ። ዘይቱ ጥቁር ቢሆን አትደንግጡ፤ የናፍታ ሞተር ዘይት ቶሎ ይጠቁራል። ማኪያቶ መስሎ ከተገኘ ግን ውሃ ገብቶበታል ማለት ነውና ተሰናብታችሁ ሂዱ። ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ አስነሡት፤ አረፋ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም ቴስታታው ራሱ ተበላሽቷል። (የሞቀ ራዲያተር ክዳን ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ ብዙ ሰው ፊቱን ተቃጥሏል።)

ቀጥሎ ሰው ጫኑበትና አቀበት አውጡት። ጅማ ላይ ለዚህ ከጅሬን የተሻለ ፈተና የለም። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጥታችሁ ስትመለሱ መኪናው የሙቀቱን፣ የፍሪሲዮኑንና የፍሬኑን ነገር ራሱ ይነግራችኋል።

ከዚያም ሥሩ ገብታችሁ እዩ። ቀድሞ የዕቃ መጫኛ ሆኖ በኋላ መስኮት ተቀድዶለትና ወንበር ተበይዶለት ሰው ማመላለሻ የሆነ ሃይስ አለ። ወንበሩ ከሻሲው ጋር ሳይሆን ከስስ ላሜራ ጋር ብቻ የተያያዘ ከሆነ በግጭት ጊዜ ከነተሳፋሪው ይነቀላል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነም የመሪው ማያያዣዎች በማን እጅና እንዴት እንደተሠሩ ጠይቁ።

በመጨረሻ ወረቀቱን መርምሩ። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ መሆኑን፣ ዕዳና ዕገዳ ያለመኖሩን መኪናው ከተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ። «በኋላ እናስተካክለዋለን» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እናንተም «በኋላ እንከፍላለን» በሉት።

በብዛት የሚያጋጥሙ ብልሽቶች

1. ሙቀት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ የጊቤ ድልድይ ግን ከዚያ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል። በዚያ ሙቀት ሙሉ ጭነት ይዞ ከሸለቆው መውጣት ለማንኛውም አሮጌ ሞተር ከባድ ነው። በተለይ 2ኤልና 3ኤል የሚባሉት ሞተሮች አንዴ ከመጠን በላይ ከሞቁ ቴስታታቸው የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ራዲያተሩን ከጭቃና ከአቧራ አጽዱ፤ ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ሳይሆን ዝገት የሚከላከል የራዲያተር ፈሳሽ ጨምሩ። «ሞተሩ እንዳይሞቅ» ተብሎ ቴርሞስታት ማውጣት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት እንዳይጠብቅ ያደርጋል፣ በአንዳንድ ሞተሮች ላይም ውሃው በራዲያተሩ ሳያልፍ እንዲዞር ያደርገዋል። መለኪያው ከወትሮው ከፍ ሲል ደግሞ ቁሙ። ተሳፋሪው ያጉረምርም፤ ማጉረምረም ቴስታታ አይሰነጥቅም።

2. የታይሚንግ ቺንጋ። ይህ ከጎማ የተሠራ ቀበቶ የሞተሩን የላይና የታች ክፍል አቀናጅቶ የሚያዞር ነው። በ2ኤል፣ በ3ኤልና በ5ኤል ሞተሮች ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ፒስተኑና ቫልቮላው ይጋጫሉ። ቺንጋው ሲበጠስ አስቀድሞ ድምፅ አይሰጥም። አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ከጅማ እስከ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ የሚሠራ መኪና 270 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በወር 26 ቀን ቢሠራ 7,020 ኪሎ ሜትር ሆነ። ስለዚህ ለቤት መኪና ብዙ ዓመት የሚፈጀው 100,000 ኪሎ ሜትር በዚህ መስመር ላይ በ14 ወር ያልቃል! የቀድሞው ባለቤት መቼ እንደቀየረው ማስረጃ ከሌለ በገዛችሁ ሳምንት ቀይሩት። የውሃ ፖምፓውንም አብራችሁ አስፈትሹ።

3. ናፍታ። አሮጌዎቹ የኤል ሞተሮች ታጋሾች ናቸው። «ዲ ፎር ዲ» የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን ናፍታውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚረጭ ቅንጣት ቆሻሻም ውሃም አይችልም። ነዳጅ ሲጠፋ በመንገድ ዳር ከጀሪካን የተገዛ ናፍታ አራት ኢንጀክተር ሊያበላሽ ይችላል። የናፍታ ፊልትሮውን በጊዜው ቀይሩ፤ ከሥሩ የሚጠራቀመውንም ውሃ አፍስሱ። «ዲ ፎር ዲ» ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ በከተማችሁ በኮምፒውተር የሚመረምር ባለሙያ መኖሩን አረጋግጡ።

4. ፍሬን። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበት የገባበት ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ሸራውም ሳያልቅ ይታይ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየረገጡ ከመውረድ ይልቅ ከባድ ማርሽ አስገብቶ መውረድ የሾፌር ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ አውጥቶ መውረድ ደግሞ ነዳጅ ቆጣቢ መስሎ ሕይወት የሚያስከፍል ልማድ ነው።

5. ባሌስትራና መሪ። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሊሙ፣ ወደ ጌራ ቀበሌዎች የሚገባ መኪና በክረምት ቀይ ጭቃ፣ በበጋ አቧራና ጉድጓድ ይጠብቀዋል። ጎሚኒውና የመሪ ቴስታው ቶሎ ይላላሉ። በቡና ወቅት ሰዎች ጣራው ላይ ጆንያ ለመደራረብ ተጨማሪ ባሌስትራ ያስገባሉ። ልብ በሉ፤ ባሌስትራው ቢጨመርም ፍሬኑ ግን ያው የቀድሞው ፍሬን ነው። ጣራ ላይ የተጫነ ጭነትም መኪናው ጠመዝማዛ ላይ እንዲገለበጥ ያመቻቻል። ይህን ስናገር እኛንም አይለፈን፤ መዘምራንን ወደ ጉባኤ ወይም ሠርገኛን ወደ ሠርግ ስንወስድ ከወንበሩ ቁጥር በላይ አጭቀን «በደስታ ነው የሄድነው» የምንል ብዙ ነን።

የመኪናው ድርሻ እንዴት ይሰላል?

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። ከዚህ በታች ያሉት የብር መጠኖች ለማሳያ ብቻ የቀረቡ ናቸው፤ እናንተ የከተማችሁን ዋጋ ጠይቃችሁ ተኩባቸው።

አራት ጎማ 60,000 ብር ቢፈጅና 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል በየኪሎ ሜትሩ 1 ብር ከ50 ሳንቲም ያልቃል። በቀን 270 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ጎማው ብቻ 405 ብር በላ ማለት ነው። የሞተር ዘይት፣ 6 ሊትር ገደማ ከነፊልትሮው፣ 4,500 ብር ቢሆንና በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቢቀየር በቀን 243 ብር ነው፤ ይህም በየሦስት ሳምንቱ ይደርሳል። የታይሚንግ ቺንጋ ከነእጅ ዋጋው 30,000 ብር ቢሆን ለ100,000 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በቀን 81 ብር ይሆናል። እንግዲህ ለ81 ብር ሲባል ሙሉ ሞተር የሚያቃጥል ሰው ምን ይባላል? የሦስቱ ድምር 729 ብር ነው። ይህ ፍሬንን፣ ባትሪን፣ ፍሪሲዮንን፣ ባሌስትራን ሳይጨምር ነው።

ነዳጁ ደግሞ ለብቻው ይቆማል። እንዲህ ያለ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ያህል ቢወስድ በቀን 27 ሊትር ይፈልጋል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ናፍታ 49 ብር ገደማ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 99 ብር ገደማ ደረሰ። በታለመ ድጎማ ውስጥ ላልገባ መኪና የቀኑ ወጪ ከ1,323 ብር ወደ 2,673 ብር ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ ሒሳቡን የሠራው በአምናው የነዳጅ ዋጋ ከሆነ ዛሬ ባለው ዋጋ እንደገና ይሥራው።

በዚህ ላይ የሾፌርና የረዳት ደመወዝ፣ የማኅበር መዋጮ፣ የማደሪያና የጥበቃ ክፍያ፣ የገቢ ግብር አለ። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራና ቦሎ አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ ይህ ሽፋን ግን ለተጎዳው ሌላ ሰው እንጂ ለእናንተ መኪና አይደለም። ሙሉ ሽፋን የምትፈልጉ ከሆነ ዕድሜው ለገፋ መኪና መሰጠት አለመሰጠቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሙሉ ሽፋን ቢገኝም በእርጅና የተበላሸ ሞተር አይጠግንም።

መኪናው ጋራዥ የሚቆምባቸውን ቀናትም ቁጠሩ። በወር 26 ቀን ይሠራል ብሎ ማቀድ ለአዲስ መኪና እንጂ ለአሮጌ አይሆንም፤ በ20 ቀን አስቡት። በ20 ቀን ገቢ ቤታችሁ የማይተዳደር ከሆነ ያ መኪና ቤታችሁን አያስተዳድርም።

ይህን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ ጻፉ። በየማታው ገቢው ሲቆጠር በመጀመሪያ የመኪናው ድርሻ ወጥቶ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ቤተሰቡ የሚካፈለው የቀረውን ነው። ደብተሩን ባልና ሚስት ሁለቱም ይያዙት። በብዙ ቤት የማየው ችግር ባል ስለ መኪናው ብቻውን ማወቁ፣ ሚስት ደግሞ የቀን ገቢውን እንጂ የመኪናውን ዕዳ አለማወቋ ነው። መኪናው በቆመ ቀን ጠብ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ፣ እህቴ። ባለቤትዎን አይከልክሉት፤ ዝም ብለውም አይደግፉት። አሥሩን ቀን ተጠቀሙበት። በመጀመሪያ የልጅዎን የኮሌጅ ክፍያ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ያ ገንዘብ የመኪና ገንዘብ አይደለም። ከቀረው ውስጥ ቢያንስ አንድ አምስተኛው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጥገና ይቆይ። በተረፈው ገንዘብ የሚገዛ መኪና ካለ ከመካኒክ ጋር ሆናችሁ፣ ሁለታችሁም ሄዳችሁ እዩት። ወደ ጅሬን ሲወጣ እርስዎም ውስጡ ይቀመጡና የሙቀት መለኪያውን ይመልከቱ። በተረፈው የሚገዛ ከሌለ ደግሞ ቡናው የከርሞ ሰው ነውና አንድ ዓመት መታገሥ ውርደት አይደለም። እኔና ወንድሜ ያን አንድ ዓመት ታግሠን ቢሆን ኖሮ ያቺ እናት ልጃቸውን ታቅፈው በጊቤ መንገድ ዳር ባልመሸባቸው ነበር።

ውሳኔያችሁን ብትጽፉልን ደስ ይለናል። እስከሚቀጥለው ዕትም ሰላም ሁኑ።